ረጅሙ ሌንስና የእኔ ጠቦት

ቀይ ቀበሮ ጠቦቴን አልበላም። በላ ብዬም ለማንም አልመሰከርኩም። በስሜ የተጻፈው ወረቀት ግን «የጠቦቷ ባለቤት ዓይኗ እያየ ቀበሮው እንደበላባት በቃሏ አረጋግጣለች» ይላል፤ ከሥሩም የጣት አሻራ አለበት። ጣቱ የእኔ አይደለም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ስሜን መጻፍ ከተማርኩ ወዲህ በአንድም ወረቀት ላይ ጣቴን አትሜ አላውቅም። ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። መጻፍ የነበረባቸው ስላልጻፉት እኔው እጽፈዋለሁ።

«የደርግ ጊዜ ነገር ነው፤ አልፏል» ይሉኛል ልጆቼ። ለእነሱ አልፎ ይሆናል። በቀደም ለት የልጅ ልጄ በስልኳ የሆነ ነገር እያሳየችኝ «ፎቶ እኮ አይዋሽም፣ እማዬ» ስትለኝ ስልኩን ከእጇ ነጥቄ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ፎቶ እንዴት እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ያንን ውሸት ያመጣውን መስታወት ከሳጥን ውስጥ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ንዴቴ ግማሹ በሰው ላይ፣ ግማሹ በራሴ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የማይበርድልኝ።

መንዝ ላይ ቤት የሚከደነው በጓሳ ነው። ገመዱም ከጓሳ ነው፤ በክረምት የምንደርበው ገሳም ከጓሳ ነው የሚሠራው። ጓሳ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሣር ሰው በፈለገው ቀን የሚያጭደው አይደለም። ከአባቶቻችን በመጣ ሥርዓት ተራራው ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማጭድ አይገባበትም፤ ከብት አይገባበትም። ሣሩ ወገብ ሲደርስ ቀን ይቆረጥና ሁሉም በአንድ ቀን፣ ሀብታሙም ድሃውም እኩል፣ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ቤቶች በየተራ ይጠብቁታል። የመሬት አዋጁ ከወጣ በኋላ ይህ ሥርዓት በብዙ ቦታ ፈረሰ። የእኛ ገበሬ ማኅበር ግን ከሰፈራችን በላይ ያለውን ጥግ እንደ ድሮው ዘግቶ ያስጠብቅ ነበር።

ባለቤቴ በሞተ ጊዜ የጥበቃ ተራው ለሌላ ይሰጥ ተባለ።

«ሴት ተራራ ላይ ውላ ምን ልታደርግ ነው?» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል በስብሰባ ላይ።

«አንተ የምታደርገውን፤ እኔ ግን ሳልተኛ» አልኩት። «ተራው የቤቱ ነው። ዝናቡ ቤቴን ሲያፈስ ወንድ አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም።»

ሳቁበት፤ ተራዬ ግን ቀረልኝ። ቤቴ ማፍሰሱ እውነት ነበር። ክዳኑ ጠቁሮ፣ ከምሥራቅ በኩል ተቦድሶ፣ አማቴ የምትተኛበት መደብ ላይ ውሃ ይወርድ ነበር። የተዘጋው ጓሳ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ሦስተኛውን ይዞ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ይከፈታል ተብሎ እኔ እያንዳንዷን ወር በልቤ እይዝ ነበር። ከዚያ ክረምት በላይ ክዳኔ እንደማይቆምልኝ አውቃለሁ።

ፎቶ አንሺው የመጣው በታኅሣሥ ነው። ከአዲስ አበባ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ቀጭን፣ አፍንጫው በብርድ የተላጠ ሰው ነበር። መኪናው ዘመሮ ከተማ ቀርቶ እሱ በበቅሎ ደረሰ። ሥራው ቀይ ቀበሮን ፎቶ ማንሳት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይዞት እቤቴ መጣ። ሊቀመንበሩ ባለቤቴ ክርስትና ያነሳው ልጅ ነው፤ ያኔ ገና «እትዬ» እና «እርስዎ» ይለኝ ነበር።

«እትዬ፣ የቀበሮውን ጉድጓድ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እንግዳውን ያድርሱልን» አለኝ።

«አደርሳለሁ። በቅሎው ግን ከወሰኑ ያልፋል እንዳትሉኝ።»

«የመንግሥት ሥራ እኮ ነው።»

«የመንግሥት በቅሎ ሣር አይበላም?»

በቅሎው በተዘጋው ውስጥ አይገባም፤ አለቀ። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ከዚያ ወዲያ በትከሻችን መሸከም የምንችለውን ብቻ መውሰድ ነበረበት። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የሱፍ ባናዬን መደቡ ላይ አነጠፍኩለትና ሳጥኑን ከፍቶ ዕቃውን እያወጣ ደረደረ። እንደ ሲኒ አጭር የሆነ አንድ አለ። እንደ ዋንጫ ከፍ ያለ ሌላ አለ። ክንዴን የሚያክል ጥቁር ቱቦ የመሰለ ደግሞ ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሌንስ ነው፣ እማማ። የካሜራው ዓይን ነው።»

«ስንት ዓይን ነው ያለው ይሄ ጉድ?»

«እንደ ሥራው ይቀያየራል። እኔ አጭሩንና መካከለኛውን ልይዝ ነው ያሰብኩት። ረጅሙ ከባድ ነው፤ ያለዚህ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያም አይሠራም። እሱን ከያዝን ሌላ መያዝ አንችልም።»

«አጭሩ ምን ይፈልጋል?»

«መቅረብ።»

«ምን ያህል?»

በደጃፌ በኩል ወደ ውጭ አየና አጥሬን አሳየኝ። «እስከዚያ ድረስ።»

«እንግዲያው ተወው» አልኩት። «ጉድጓዱ ውስጥ ቡችሎች አሉ። እናትየው ሰው ከሸተታት ያንኑ ቀን እያንዳንዳቸውን በማጅራታቸው እያነሳች ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ በውርጭ ትዞራለች። ዓምና ከብት ጠባቂዎች ቀርበው ካባረሯት በኋላ ሁለቱን ደርቀው ነው ያገኘኋቸው። ከሩቅ የሚያይ የለህም?»

ረጅሙን ከጨርቁ ፈታው። እጁ ይጠነቀቅ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቱ ፈርሞ የወሰደው ነው፤ ብርቁ ነው። ካሜራው ላይ ገጠመና በደጄ አቁሞ «እስቲ ይዩበት» አለኝ። አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ከወንዙ ማዶ ያለች ጎረቤቴ አፍንጫዋን ስትጎረጉር ጥፍሯ ታየኝ። ካሜራውን ትንሽ ዘወር ሳደርገው ደግሞ የጎረቤቴ የገብስ ክምር ከቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ጋር ተለጥፏል። ክምሩ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ ወዲያ ኮረብታው ላይ ነው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው በመካከላቸው ብዙ እርምጃ አለ።

«ምን አደረግኸው? ክምሩን ቤተ ክርስቲያን አስገባኸው እኮ!»

ሳቀ። «ርቀቱን ያጥፈዋል፣ እማማ። ጋቢ እንደሚታጠፍ። የራቀውና የቀረበው ይገናኛል። አጭሩን ብይዝ ግን ቀበሮው የት እንደቆመ፣ ዙሪያው ምን እንደሆነ ሁሉ ይታይ ነበር።»

እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያ ሳቄ ነው የሚያናድደኝ። መስታወቱ ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰውየውም በቋንቋዬ ነግሮኛል። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ቡችሎቹ ብቻ ነው። «ረጅሙን ያዝ፤ አጭሩ እዚሁ ባናው ላይ ይቆይ» አልኩት። እሺ አለ።

በነጋታው ፀሐይ ስትወጣ እኔ ማቆሚያውን፣ እሱ ረጅሙን ሌንስ ልጅ እንደሚታቀፍ ታቅፎ ወጣን። በጎቼን ከወሰኑ በታች ባለው ግጦሽ ለቅቄያቸው ነበር። አንድ ትልቅ ድንጋይ ጥግ ተቀመጥን። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል፤ የሰውየው ጥርስ ይንቀጫቀጫል። «ዝም በል፣ ትሰማለች» እለዋለሁ፤ «ጥርሴ ነው፣ እማማ፣ አፌ አይደለም» ይለኛል በሹክሹክታ።

እናትየው መጣች። እንደ ሁልጊዜዋ ጆሮዋን ወደ መሬት ዘንበል አድርጋ ፍልፈል ታዳምጣለች። ቀይ ቀበሮ ኑሮው አይጥና ፍልፈል ነው። እኛ ዘንድ ጠቦት የሚወስደው ጅብና ተኩላ ነው። ቀይ ቀበሮ በበጎች መሀል ሲያልፍ በጎቹ ከግጦሹ ቀና እንኳ አይሉም። ያን ቀንም ቀና አላሉም። ከቀበሮዋ ወዲያ ፈፋ አለ፤ ከፈፋው ወዲያ አንድ ጥማድ በሬ ግማሽ ቀን የሚያርሰው ሜዳ አለ፤ በጎቼ ከዚያ ሜዳ ጫፍ ነበሩ። ከነሱ ውስጥ አንዲት ግንባረ ጥቁር ጠቦት ለብቻዋ ቆማ ወደኛ ታያለች። ቀበሮዋ ዘላ ፍልፈሉ ላይ አረፈች፤ አፏን ከፈተች፤ ካሜራው ቀጭ አለ።

«አገኘኋት!» አለ ፎቶ አንሺው። ደስታው አላስቀምጠው አለ። እኔም ደስ አለኝ። ማንንም አልነካንም፤ ማንንም አላባረርንም። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ።

በየካቲት ከአዲስ አበባ ፖስታ መጣ። በውስጡ የዚያ ፎቶ ሁለት ቅጂ ነበር፤ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለእኔ። ለእኔ የተላከውን ያየሁት በሊቀመንበሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በጀርባው «ለደጓ እናታችን» ተብሎ ተጽፎበታል። አልሰጡኝም። የማኅበሩ ቅጂ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ሰው ተሰብስቦ ያየዋል። እኔም ገፍቼ ገባሁ።

ፎቶው ላይ ቀበሮዋ አፏን ከፍታለች፤ አፏ ከጠቦቴ አንገት ላይ ነው። ፈፋ የለም። ሜዳ የለም። ሁለቱም አንድ መሬት ላይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ከፎቶው አጠገብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ሰዎች ሥዕሉን ያያሉ እንጂ ጽሑፉን አያነቡም። እኔ አነበብኩት። እያንዳንዷን ፊደል በጣቴ እየነካሁ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ቃሉን ከላይ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ወረድ ብሎ «የተዘጋው ሣር ለአውሬ መሸሸጊያ ሆኖ የሕዝብ ሀብት እየጎዳ ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ ተቃጥሎ ለማኅበሩ የጋራ እርሻ እንዲውል» ይላል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሊቀመንበሩ ያንን ጥግ ማረስ የፈለገው ከድሮ ጀምሮ ነው። የጋራ እርሻ አሰፋ ተብሎ ከበላይ ሊመሰገን ነው። ያለ ምክንያት ግን አይፈቀድለትም ነበር። አሁን ምክንያት አገኘ፤ ምክንያቱም እኔ ሆንኩ።

ቢሮው ገባሁ። ጸሐፊውም አለ።

«ይሄ የማን ጣት ነው?» አልኩ።

«እትዬ፣ ተቀመጡ» አለ ሊቀመንበሩ።

«አልቀመጥም። የማን ጣት ነው?»

ጸሐፊው ወረቀቶቹን ያገላብጣል። ሊቀመንበሩ ዘወር ብሎ «ሥራ እንዳይዘገይ ነው። እርስዎ እሺ እንደሚሉ አውቀን ነው» አለኝ።

«እኔ መፈረም እንደምችል አንተ አታውቅም? የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ስቀበል ጭብጨባውን የጀመርከው አንተ አልነበርክም?»

«ፎቶው እኮ አለ፣ እትዬ። ፎቶ እየታየ ምን ይካዳል?»

«ጠቦቷ በሕይወት አለች!»

«ፎቶው ላይ ያለችው እሷ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለ?»

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ሲጠራ ጠቦቷን ታቅፌ ሄድኩ። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤት በበጎቹ ጆሮ ላይ የራሱ ምልክት አለው። የእኔ ቤት ምልክት ግራ ጆሮ ከጫፉ ሁለት ቦታ መሰንጠቅ ነው። ያ ረጅም መስታወት በጎ ነገርም ሠርቷል፤ ሁለቱ ስንጥቆች ፎቶው ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። መሪጌታችን መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ካዩ በኋላ የጠቦቷን ጆሮ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ግንባሯን አዩ።

«ራሷ ናት» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። እሱም አፍታ ሳይቆይ «እንግዲያው ከአፉ አምልጣ ይሆናላ!» አለ።

ሳቁ። በዚያ ሳቅ ነው የተበላሁት። ጠቦቷ እቅፌ ውስጥ ትጮሃለች፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። «ደግ ነሽ፣ ቀበሮውን ቀልበሽዋል!» አለኝ ያ የኮሚቴ አባል። ሊቀመንበሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» አለኝ።

ፎቶ አንሺው በመጋቢት ተመልሶ መጣ። ቡችሎቹ አድገዋል፤ እነሱን ሊያነሳ ነው። በቀጥታ ወደ እኔ መጣና ሳጥኑን ያን መደብ ላይ አስቀመጠ።

«ቡችሎቹ ከጉድጓዱ ወጥተዋል?»

«ወጥተዋል። አላሳይህም።»

ደነገጠ። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ፎቶውን ሲልክ አንድም ክፉ ነገር እንዳልጠረጠረ ምሎ ነገረኝ። አመንኩት። «እንግዲያው እሑድ ረጅሙን መስታወትህን ይዘህ ስብሰባው ላይ ትቆማለህ» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ልጆች አሉኝ። ከማኅበር ሊቀመንበር ጋር ምን አጋጨኝ?»

«እኔስ ከሰማይ ነው የወረድኩት? የእኔ ቤት ሰው የለውም? አማቴ የምትተኛበትን ተመልከት፤ ሰማዩ ይታይሃል። ሣሩ ከተቃጠለ ምን ልታለብሳት ነው፣ ፎቶህን?»

ቀና ብሎ የተቦደሰውን ክዳን አየ።

«አጭሩን ተወው ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «አንተ አልነበርክም። ስለዚህ ንግግሩን እኔ እናገራለሁ። አንተ መስታወቱን አቁም፤ ሌላ አልጠይቅህም። አለዚያ ቡችሎቹን ለብቻህ ፈልግ።»

እሑድ መጣ። ሊቀመንበሩ የትም ሲሄድ የሚከተለው አንድ ቡላ ውሻ አለው። ውሻው ያውቀኛል፤ ባለቤቱ የማያበላውን እኔ አበላዋለሁ። ስብሰባው ሳይጀመር በቁራሽ ዳቦ እየመራሁ ወስጄ ከሜዳው መካከል በጓሳ ገመድ አሰርኩት። ጠቦቷን ደግሞ ከእሱ ወዲያ፣ ከታረሰው ማሳ ጫፍ፣ ከወይራው ሥር አሰርኳት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ከሁለቱ ትይዩ አቆመ።

ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ተነሳሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቶሎ ና! ውሻህ ጠቦቴን እየበላ ነው!»

ሁሉም ወደ ሜዳው አየ። ውሻው ተኝቷል። ጠቦቷ ከሩቅ እንደ ድንጋይ ትታያለች። «ሴትዮዋ ለየላት» አለ አንዱ።

«በዓይናችሁ አይደለም» አልኩ። «በዚህ እዩ። መሪጌታ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አስጠጉ። «በስመ አብ!» አሉና ቀና ብለው ሜዳውን አዩ፤ እንደገና ጎንበስ አሉ። «ውሻው ራስ ላይ ቆማለች እኮ!» ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። ሽማግሌውም ሴቱም እያንዳንዱ እያየ፣ ቀና እያለ፣ እንደገና እያየ ሄደ። ውሻው በመካከሉ ተነስቶ ሲያዛጋ ካሜራው ላይ የነበረችው ሴት «ኧረ ነከሳት!» ብላ ጮኸች። ያኔም ሳቁ፤ ይህኛው ሳቅ ግን የእኔ ነበር።

መሪጌታ ፎቶ አንሺውን ጠሩት። «ልጄ፣ ቀበሮዋና ጠቦቷ ያን ቀን ተነካክተዋል?»

«አልተነካኩም፣ መሪጌታ። በመካከላቸው ፈፋም ሜዳም ነበር። አጭሩን ሌንስ ይዤ ቀርቤ ባነሳ ኖሮ ይታይ ነበር።»

«ሊቀመንበሩ ይሄን ጠይቆህ ያውቃል?»

«የጠየቀኝ የለም።»

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ራሱ አየ። ብዙ ቆየ። ማጅራቱ ቀላ። ቀና ሲል ፎቶውን ከበሩ ላይ ነቅሎ ኪሱ ከተተና «ስብሰባው ተበትኗል» አለ። ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተናገረም።

ከፋሲካ በኋላ ለቃጠሎ በተቆረጠው ቀን ጥሩምባ ተነፋ። አንድም ሰው አልወጣም። ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ፤ እኔ በራፌ ላይ ቁጭ ብዬ ሱፍ እፈትል ነበር፤ ጎረቤቶቼም እንደዚያው። ሣሩ ተረፈ። በሚቀጥለው ጥር ከሁሉም ጋር እኩል አጭጄ ቤቴን ከደንኩ። አማቴ በደረቅ መደብ ላይ ተኝታ ሞተች። ታዲያ ምን ያናድድሻል የምትሉኝ ካላችሁ፣ የሚያናድደኝን ስሙ።

ቤቴን በከደንኩ በወሩ ዘመሮ ገበያ ሱፍ ልሸጥ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ከጊሼ በኩል የመጣች ሴት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ያቺ ጠቦቷን ለቀበሮ ያስበላችው ሴትዮ የእናንተ አገር ሰው ናት አሉ» አለችኝ። «በእሷ ምስክርነት የእኛን ጓሳ አቃጥለው አረሱት። ወረቀቷን በስብሰባ አንብበውልናል። ገብሱም አልበቀለ። አሁን ቤታችንን የምንከድንበት አጣን። ባገኛት…»

ምን እንደምታደርጋት አልጨረሰችም። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት የጮህኩት እኔ፣ ሱፌን ሰብስቤ ቦታ ቀየርኩ። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ የሌላውን ጽፌ የራሴን ልተው አልችልም።

ገባኝ። ሊቀመንበሩ ፎቶውን ኪሱ ሲከት ወረቀቱ ቀድሞ ወደ በላይ ሄዶ ነበር። ከዚያ ለሌሎች ማኅበራት ተባዝቷል። የእኛ ሣር ተረፈ፤ በእኔ ስም ግን የሌላ ሰው ሣር ተቃጠለ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ወረቀቱ እንዲታረም፣ ውሸት ነው ተብሎ እንዲጻፍበት አመለከትኩ። ማመልከቻውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ የፈረምኩትም ራሴ ነኝ። «ነገ ተመለሺ» አሉኝ። ተመለስኩ። «ጓድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉኝ። ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ገብስ እስኪታጨድ ድረስ በየሳምንቱ ሄድኩ። ጸሐፊው ሲያየኝ በሌላ በር መውጣት ጀመረ፤ ሌላ በር ስለሌለ በመስኮት ነበር።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ «ግቡ» አለኝ። ብቻውን ነበር። ደክሞታል፤ ፀጉሩ ከጎን ከጎኑ ነጭ ጣል አድርጎበታል። ወንበር አቀረበልኝ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ የተነጠቅሁት «እርስዎ» ያን ቀን ተመለሰልኝ።

«ምን ላድርግልዎ፣ እትዬ? የታጨደው ታጨደልዎ። ቤትዎ ተከደነ።»

«ለቤቴ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ባለቤቴ ክርስትና ያነሳህ ልጅ ነህ፤ በእሱ ይዤሃለሁ። ቀበሮው ጠቦቴን በልቷል ወይስ አልበላም?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም አንስቶ ቀለሙን በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ሜዳው ላይ አልበላም፣ እትዬ» አለኝ። «ወረቀቱ ላይ ግን በልቷል።»